ሃያ ስድስት ሰው ይዤ ቡድን የለኝም

ትናንት ማታ ጣና ዳር ካለች ካፌ፣ ስልኬ ላይ በምጫወተው ጌም የማስተዳድረውን የቤዝቦል ቡድኔን ልገመግም ተቀመጥኩ። ባልቀመጥ ይሻለኝ ነበር።

26 ተጫዋች አለኝ። ጨዋታ ከሚከፍቱት አምስት ኳስ ወርዋሪዎች ሦስቱ ክንዳቸውን ተጎድተዋል። ከቀሩት አንዱ 38 ዓመቱ ነው፤ ኳሱ እንደ ጣና ታንኳ ነው የሚንፏቀቀው። ማን አስፈረመው? እኔው ነኛ! ያውም ለአራት ዓመት።

መቺዎቹንማ ተዉአቸው። በአማካይ 0.290 (ከአሥር ሙከራ ሦስት ያህሉን) ይመታል ብዬ የኮራሁበት ልጅ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። አራት የተበላሸ ኳስ ቢያሳልፍ እኮ አንደኛ ቤዝን (መቺው ሮጦ የሚደርስባትን የመጀመሪያ ማረፊያ) በነጻ ያገኛል። እሱ ግን የመጣውን ሁሉ ሊመታ ይወራጫል። ቤዝ የመድረስ ምጣኔው ሲታይ ከተጠባባቂው ያንሳል። ይህን ለማየት አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ፈጀብኝ፤ ዓይኔ የት ነበር?

እሺ፣ አፍርሼ ልሥራው አልኩ። ሽማግሌዎቹን ሰጥቼ ወጣት ልሰበስብ። ሁለት ሰዓት ተደራድሬ፣ ልውውጡን ላጸድቅ ስል መብራት ድርግም! ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ሲመለስ የተደራደርኩበትን ወጣት ሌላ ሰው ወስዶታል።

ጓደኛዬ ደግሞ ይስቃል። «ለምን እንደ ሰው የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ አትጫወትም?»

እዚያም እኮ መጨረሻ ነኝ።