ሳይለካ «ቦርዱ ሞቷል» አይባልም

አሥራ አንድ ቀን! የስልኩ የ12 ወር ዋስትና ካለቀ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ለዚህች አሥራ አንድ ቀን ብሎ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ እኒያን የመሰሉ እናት በሰው ፊት «አንቺ» እያለ አመናጨቃቸው። ሱቁን ታውቁታላችሁ፣ ስሙን አልጠራም። ስንገዛ ወንበር የሚሳብልን፣ ስንመለስ ቀና ብሎ የሚያየን የሚጠፋበት ያው ሱቅ ነው።

እናትየው ከመሐል ሜዳ ነው የመጡት። በሌሊት ተነሥተው፣ በጣርማ በር ጉም ውስጥ አልፈው፣ ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ሱቁ ገና አልተከፈተም ነበር፤ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ የሆነውን ቃል በቃል ልጻፈው፦

«ልጄ፣ ይኸ ስልክ ቻርጅ አልገባው ካለ ሦስት ቀኑ።»

«ደረሰኝ።»

ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡት።

«ይሄማ አልቋል። ዋስትናው አልቋል።»

«እከፍላለሁ የኔ ልጅ፣ አንተ ብቻ እየው።»

አነሣው። ማብሪያውን አንዴ ተጫነ። ጆሮው ሥር ነቀነቀው። መልሶ ባንኮኒው ላይ ጣለው። «ቦርዱ ሞቷል። ውሃ አስገብተሽበታል።»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም፣ ውሃ አልነካውም!»

«ማጀት ይዘሽው ትገቢያለሽ አይደል? እንፋሎት ነው። ላንቺ የቁልፍ ስልክ ይበቃሻል፣ ይሄ የተማረ ሰው ዕቃ ነው። ከፈለግሽ አዲስ ልሽጥልሽ።»

ወረፋ ላይ ከነበሩት ሁለቱ ሳቁ። እሳቸው ምንም አልመለሱም። ደረሰኙን አራት አጠፉት፣ ከስልኩ ጋር መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት፣ «ይሁን» ብለው ወጡ። ያቺ «ይሁን» ናት እስካሁን ደሜን የምታፈላው።

ዋስትና አለቀ ማለት በነፃ መጠገን አለቀ ማለት ነው፣ በቃ። አክብሮት ከዋስትናው ጋር አያልቅም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትና እንዲስተናገድ፣ ነጋዴው እንዳይሰድበውና እንዳያመናጭቀው መብት ሰጥቶታል፤ ይህ መብት የ12 ወር ገደብ የለበትም። ያው አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ «ይለወጥልኝ» ወይም «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ማለት እንደሚችል ይናገራል። እዚህ ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈው አዋጁን በወረቀት ይሽሩታል።

አሁን ወደ ሙያው ልምጣ፣ የሚያቃጥለው እሱ ነውና። ቦርድ የሚባለው ስልኩን የሚያሠራው ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። «ቦርዱ ሞቷል» ለማለት ስንት ነገር መታየት አለበት መሰላችሁ? መጀመሪያ ሌላ ገመድ፣ ሌላ ቻርጀር፣ ሌላ ሶኬት። ከዚያ 30 ደቂቃ ትዕግሥት፤ ባትሪው እስከ ታች ካለቀ የራሱ መከላከያ ይዘጋውና ቻርጅ ላይ ተሰክቶም ለጊዜው ስክሪኑ ጨልሞ ይቆያል። ከዚያ ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ። ከዚያ ወደ ስልኩ መደወል፤ ከጮኸ ወይም ከነዘረ ስልኩ በሕይወት አለ፣ የሞተው ስክሪኑ ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልግም። ልጁ አንዱንም አላደረገም።

ቀዳዳውንማ ዓይኑ ሥር አድርጎ አላየውም። ታይፕ ሲ በሚባለው የቻርጅ ቀዳዳ ውስጥ 24 ፒኖች (ቀጫጭን የብረት መገናኛዎች) አሉ፣ ከአንዱ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ስልክ በኪስ፣ በጋቢ፣ በመቀነት ሲኖር ብናኝ ይገባል። ገመዱን በሰካን ቁጥር ያንን ብናኝ ወደ ውስጥ እንጠቀጥቀዋለን፣ እንደ ትራስ ጥጥ ይደድራል፣ ከዚያ መሰኪያው መጨረሻው ድረስ አይገባም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ገመዱ ይላቀቃል፣ ድሮ ሲገባ «ቀጭ» ይል የነበረው አይልም፣ ሲያጋድሉት ይሠራል፣ ሲለቁት ያቆማል። መፍትሔው ስልኩን አጥፍቶ፣ በባትሪ መብራት እያዩ፣ በእንጨት ስቴኪኒ ከዳር በኩል ቀስ አድርጎ መጫር ነው። መርፌ በጭራሽ! መርፌ ሁለት ፒን ካገናኘ ያልነበረውን ሾርት ይፈጥራል። በአፍም አትንፉበት፣ ትንፋሽ እርጥበት ነው።

ብናኝ ካልሆነስ? በብዙዎቹ ስልኮች ቻርጅ መሰኪያው ያለው ዋናው ቦርድ ላይ አይደለም፤ ታች ባለች ትንሽ ሰብ ቦርድ ላይ ነው። ጀርባው ይከፈታል፣ ጥቂት ብሎኖች ይፈታሉ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪው ኮኔክተር ይነቀላል (ይህን የሚዘል ጠጋኝ ስልካችሁን አትስጡት)፣ ሰብ ቦርዷ ትለወጣለች። ከመክፈትም በፊት የዩኤስቢ መለኪያ አለ፣ የጣት ያህል ዕቃ ነው፣ ገመዱና ቻርጀሩ መሐል ይሰካል። ገመዱ ደህና ሆኖ 0.00 አምፔር ካሳየ ወደ ቀዳዳው ወይም ወደ ሰብ ቦርዱ ትሄዳላችሁ። አንድ አምፔርና ከዚያ በላይ እየወሰደ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ስክሪኑን ትጠረጥራላችሁ። ቦርዱ ሞቷል ለማለት ደግሞ ባትሪው ተነቅሎ በፓወር ሰፕላይ (ቮልቱ በሚስተካከል የኃይል መስጫ) 4 ቮልት ይሰጠዋል። ማብሪያው ሳይነካ አምፔር ከበላ ሾርት አለ። ተነክቶም 0.00 ላይ ከቀረ የማብሪያው ፍሌክስ (ተጣጣፊው ገመድ) ወይም ፓወር አይሲው (ኃይል የሚያከፋፍለው ቺፕ) ይፈተሻል። ያኔ ነው ስለ ቦርድ አፍ የሚከፈተው። በጆሮ ሥር ነቅንቆ የቦርድ ጤና የሚያውቅ ጠጋኝ አልተፈጠረም።

ውሃውስ? ሲም ማውጫው ተስቦ በብዙ ስልክ ውስጡ ትንሽ ነጭ ምልክት ይታያል፣ ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ ይቀየራል። ሲሙን ሳያወጣ «ውሃ አስገብተሽበታል» ያለ ሰው ያለ ማስረጃ እየከሰሰ ነው። እውነት ውሃ የገባበት ስልክ ያላችሁ ደግሞ፣ ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት። ሩዝ ቦርዱ ላይ የቀረውን ጨውና ዝገት አያወጣም፣ ቀን ብቻ ያስበላል። ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጅ ላይ እንዳትሰኩት፣ በዚያው ቀን ይከፈትና 99 በመቶ በሆነ አልኮል ይታጠብ።

ስለ አገራችን አየር ደግሞ ማንም አይነግረንም። ብዙ አምራቾች ስልኩ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ መሐል እንዲሠራ ነው የሚያስቡት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የኅዳር ውርጭ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ባትሪ ሲበርደው የውስጥ መቋቋሙ ይጨምራል፣ ቮልቴጁ በድንገት ይወርዳል፣ 25 በመቶ እያሳየ ድርግም ይላል። ይህን ይዞ የሄደ ሰው «ስልክሽ ተበላሽቷል» ይባላል፤ ከብርድ ልብስ ውስጥ ቢያድር ግን ደህና ነበር። ውርጭ የያዘውን ስልክ ሳይሞቅ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ እዚያ ፀሐይ ላይ የሚውል ባትሪ በብርድ ካለው ቶሎ ያረጃል።

ባትሪ ያልቃል፣ የተፈጥሮ ነገር ነው። እንደ አሠራሩ ከ500 እስከ 1,000 ሙሉ ዙር (አንድ ዙር ከባዶ እስከ ሙሉ ነው) ከሞላ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። በቀን አንድ ዙር ብትሉ 500 የሚደርሰው 16 ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ ዋስትናው በ12ኛው ወር አልቋል፣ የባትሪው ለብቻው ብዙ ጊዜ 6 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዋስትና በኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ «ሰባሪ» አይደለም። ዕድሜው የደረሰ ባትሪ ይዞ የመጣ ደንበኛ ነው፣ ባትሪ ይሸጥለት! እባካችሁ ያበጠውን ባትሪ ግን «ላስተንፍሰው» ብላችሁ በመርፌ እንዳትነኩት። ውስጡ ያለው ጋዝ ነው፣ ሽፋኑ ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል። ጀርባው ከተነሣ አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ አውጥቶ መለወጥ ብቻ።

ገጠር ያሉ ዘመዶቻችሁን ስለ ሶላሩም አስጠንቅቁልኝ። 12 ቮልት የሚባለው ፓነል ጠራራ ላይ 18 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ ስልክ የሚፈልገው 5 ነው። መሐል ላይ ያለችው ርካሽ መቀነሻ የተቃጠለች ዕለት ያ ሁሉ ቮልት ቻርጂንግ አይሲው (ባትሪ አሞላሉን የሚቆጣጠረው ቺፕ) ላይ ይወርዳል። ይህኛው እውነተኛ የቦርድ ጉዳት ነው፣ ውድም ነው።

ደረሰኙስ! ያ የሚያብረቀርቅ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ነው፣ በሙቀትና በብርሃን ይደበዝዛል። ዋስትናው ሳያልቅ ጽሑፉ አልቆ ነጭ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው አለ፣ «ይሄ ምኑ ደረሰኝ ነው» ተብሎ ተመለሰ። በገዛችሁበት ቀን ፎቶ አንሡትና ለልጃችሁ ላኩለት፤ እዚያው ስልክ ላይ ብቻ ከቀረ አብሮ ይሞታል። ቀኑንም አስተካክላችሁ አስጽፉ። 5/3/2017 ብሎ የጻፈ ሰው ኅዳር 5 ማለቱ ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 14 ቀን 2024። ይህንኑ እንደ ማርች የሚያነብ፣ እንደ ሜይ የሚያነብ አለ፣ ክርክሩ ሁልጊዜ በደንበኛው ይፈረዳል። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ዋስትናው የሚቆጠረው መጀመሪያ ኔትወርክ ከያዘበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ካርቶኑ እፊታችሁ ይከፈት፣ *#06# ተደውሎ የሚመጣው 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑና ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከእነዋሪ የመጣው ልጅ። የአባቱ ፎቶ ስልኩ ላይ ብቻ ነበር፣ አባትየው አርፈዋል። ስልኩ አርማው ላይ ተገትሮ አልነሣ ሲለው «ፍላሽ ይደረግ» (ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ይጫን) ተባለ፣ ፍላሽ ተደረገ፣ ውስጡ ያለው በሙሉ ጠፋ። ማንም «ውስጡ የምትፈልገው አለ?» ብሎ አልጠየቀውም። በዚያ ላይ ስልኩ ሲነሣ የድሮውን የጉግል አካውንት ይለፍ ቃል ጠየቀው፣ አያስታውሰውም፣ ለመክፈቻ ሌላ ብር ተጠየቀ። አንዲት ጥያቄ! ሦስት ሰከንድ የማትፈጅ ጥያቄ!

የመሐል ሜዳዋ እናት እኛ ስልክ ጠጋኞቹ ጋ የመጡት ሱቁ ፊት ያለችው ሻይ ሻጭ ጠቁማቸው ነው። ስቴኪኒ፣ መብራት፣ ነጭ ወረቀት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከቀዳዳው የወጣው የመቀነት ጥጥ ነበር፣ የምስር ፍሬ ታህል ደድራ፣ መሐሏ ላይ ከጥለቱ የተነቀለች ቀይ ክር ተጠምጥማባት። የሲም ማውጫው ምልክት ነጭ ነው፣ እንደ ወተት። ገመዱ «ቀጭ» ብሎ ገባ፣ መለኪያው 1.4 አምፔር አሳየ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 2 በመቶ አለ። ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ 19 ደረሰ።

«ሞቷል አላለም እንዴ ያ ልጅ?» አሉ።

«አልሞተም እማማ።»

ያቺን ጥጥ በወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡኝ አሉ። «ይቅርብዎ፣ መኪና ያመልጥዎታል» ብንላቸው እሺ አላሉም። ተሻግረው ሄዱ፣ ስልኩን አብርተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡለት፣ ወረቀቷን ከጎኑ ዘረጉለት። ጎረምሳው ሌላ ደንበኛ እያስተናገደ ነበር፣ ቀና ብሎ አላያቸውም።