ደሙ ጠራ ማለት መቅኔው ጠራ ማለት አይደለም

እህቴ አምና በሁዳዴ ኪኒኗን አቆመች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የደም ካንሰር ካለባት አራት ዓመቷ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ነው፣ ሐኪሞቹ ሲኤምኤል የሚሉት። (ሰፈር ውስጥ "ደም ማነስ ነው" ነው የምንለው። እናቴ ካንሰር የሚለውን ቃል ቤቷ አታስገባም።) በቀን አንዴ 400 ሚሊግራም ኢማቲኒብ ትውጣለች፤ ብዙ ሰው ግሊቬክ ብሎ የሚያውቀውን። ኪኒኑ ከምግብና ከትልቅ ብርጭቆ ውሃ ጋር ነው የሚወሰደው፤ እሷ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ጠዋት በባዶ ሆዷ ስትውጠው አቅለሸለሻት። ከዚያ በፊት በተደረገላት የደም ቆጠራ ሁሉም ነገር ደህና ነው ተብላ ነበር። እና የራሷን ሂሳብ ሠራች፦ ደሜ ከጠራ፣ ጾሙ እስኪፈታ ቢቀርብኝ ምን አለበት?

ከፋሲካ በኋላ ስትመረመር የበሽታው መጠን ጨምሮ ተገኘ።

እኔ አልፈረድኩባትም። "እንዳታቋርጪ" ተብላለች እንጂ ለምን እንደማይቋረጥ የነገራት የለም። ሐኪም ቤቱን ስሙን አልጠራም፤ ደግሞ ወረፋውን ያየ ሰው ዶክተሮቹን ለመውቀስ አፉ አይደፍርም። ግን ሰው ምክንያቱን ያላወቀውን ትእዛዝ አንድ ቀን ይጥሰዋል። እኔም ሐኪም አይደለሁም። ካነበብኩትና እየጠየቅኩ ከተረዳሁት ነው የምጽፈው።

ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው። እዚያ ስቴም ሴል የሚባሉ፣ በእኛ አፍ እናት ሴል ልንላቸው የምንችል አሉ። ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ነው የሚያሳልፉት። በቀን 200 ቢሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴል የሚያመርተው የእነሱ ዘር ነው። ሲኤምኤል የሚነሳው ከእነዚህ እናቶች በአንዷ ነው። ሴሉ ውስጥ የዘር መረጃ ከሚሸከሙት ክሮች፣ ማለትም ከክሮሞሶሞቹ፣ ቁጥር 9 እና 22 ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ከልውውጡ በኋላ ያጠረችው 22 እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ከተማ ተገኘችና ስሟም የፊላደልፊያ ክሮሞሶም ሆኖ ቀረ፤ ነገሩ ልውውጥ መሆኑን ደግሞ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጃኔት ራውሊ በ1973 አሳየች። ከዚህ ልውውጥ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ፕሮቲን ይወለዳል። ሥራው "ተባዙ፣ ተባዙ" ማለት ብቻ ነው። ነጭ የደም ሴሉ እንደ አሸን ይፈላል።

ኢማቲኒብ ያንን ፕሮቲን ዝም ያሰኘዋል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ በሽታውን ገለበጠው ማለት ይቻላል፤ ድሮ አራት አምስት ዓመት ከኖሩ ብዙ ነው የሚባሉት ሰዎች፣ በትልቁ ጥናት በዚህ መድኃኒት ከጀመሩት ከ100 ሰው 83ቱ ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ።

ችግሩ የተኙት እናቶች ላይ ነው። ለመኖር ያንን ፕሮቲን ብዙም አይፈልጉትም፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ ዝም ቢል ግድ አይሰጣቸውም። መድኃኒቱ ልጆቹን ይጨርሳል፣ እናቶቹን ብዙ ጊዜ አያገኛቸውም። ማታ የተዳፈነ እሳት አይታችኋል? ከላይ አመድ ነው፣ እጅ ቢያስቀምጡበት ለብ ከማለት አያልፍም። ጠዋት ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉት ግን ፍሙ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የእህቴ ደም ጠራ የተባለው አመዱ ታይቶ ነው። መቅኔዋ ውስጥ ፍሙ ነበረ።

"አንድ ሁለት ቀን ብዘልስ?" ለምትሉ፣ ለንደን ውስጥ የተሠራና በ2010 የወጣ ጥናት አለ። ለ87 ታካሚዎች ክዳኑ ውስጥ ቺፕ ያለበት የመድኃኒት ዕቃ ተሰጣቸው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይመዘግባል። ከታዘዘላቸው ከመቶ 90 እና ከዚያ በታች የወሰዱት፣ ማለትም በወር ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የዘለሉት፣ የሚፈለገውን ጥልቅ ውጤት የማግኘት ዕድላቸው ከመቶ 28 ገደማ ነበር። ከዚያ በላይ የወሰዱት ጋ 94። አየሩ ስለከበዳቸው ወይም ዕድላቸው ስለጠመመ አይደለም፤ ሦስት ቀን ነው።

ደግሞ "መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው" የሚለውም ሁልጊዜ ልክ አይደለም፤ ይሄንንም ሰው ሊያውቀው ይገባል። ፈረንሳዮች ቢያንስ ለሁለት ዓመት በምርመራ ምንም ያልተገኘባቸውን 100 ሰዎች መድኃኒቱን አስቆሟቸው። ከአሥሩ አራቱ ገደማ በሽታው አልተመለሰባቸውም። የተመለሰባቸው ደግሞ አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፣ መድኃኒቱን እንደገና ሲጀምሩም ሠራላቸው። ግን እነዚያ ሰዎች ሲያቆሙ በየወሩ በፒሲአር፣ ተራ የደም ቆጠራ የማያየውን የበሽታ ርዝራዥ በሚያገኘው ምርመራ፣ እየታዩ ነው። እህቴ ስታቆም የሚያያት ሰው አልነበረም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

እና ምርመራው። ፒሲአሩ መጀመሪያ ላይ በየሦስት ወሩ መደረግ አለበት። እኛ ግን "ሪኤጀንት" (የመመርመሪያው ኬሚካል) "አልቋል" የሚለውን መልስ ለምደነዋል። በጣም የሚያበግነኝ ለቲቢ ምርመራ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ለዚህኛው ምርመራም የሚሆን ካርትሬጅ ያለው መሆኑ ነው። ማሽኑ አገር ውስጥ አለ። የሚያስፈልገው ካርትሬጁ ሳይቋረጥ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ እሱ ደግሞ የበጀትና የፈቃድ ጉዳይ እንጂ የሮኬት ሥራ አይደለም።

የእኛ ቤተሰብ ግን ገንዘቡንም ጭንቀቱንም ሌላ ቦታ ነው ያፈሰሰው። በሽታው እንደታወቀ ሰሞን ሁሉም ያወራው ስለ መቅኔ ንቅለ ተከላ ነበር። ህንድ እንላካት፣ ገንዘብ እናሰባስብ፣ ዕቁቡን እናውጣ። አጎቴ ጋሼ ሳሎን መሃል ቆመው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ "ከኔ ቅዱላት!" አሉ። ወገኔ ከአጥንታቸው ሊሰጧት ነው። አልቅሰንም ስቀንም ነበር። ዶክተሩ በትዕግሥት አስረዱ፦ መቅኔ የሚገጥመው መጀመሪያ ከወንድም ከእህት ጋር ነው፣ እሱም ለአንዱ ወንድም ወይም እህት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ንቅለ ተከላው ራሱ ሊገድል ይችላል፤ ዛሬ ለዚህ በሽታ ኪኒኖቹ አልሠራ ሲሉ የሚታሰብ እንጂ የመጀመሪያ በር አይደለም። ጋሼ ሱሪያቸውን መለሱ። ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስለኛል።

የጾሙ ነገር የተፈታው በአንድ ጥያቄ ነው። እህቴ እንደምንም ደፍራ ለዶክተሩ እንደምትጾም ነገረቻቸው። አልተቆጧትም። "ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምሳሽ ጋ ውሰጂዋ፣ ብቻ ሰዓቱን አታዛንፊ" አሏት። በቃ። ሙስሊም ታካሚም ከሐኪሙ ተነጋግሮ ወደ ኢፍጣር ሊያዞረው ይችላል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የጎደለችው። መድኃኒት የሚሰጥበት መስኮት ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ተጽፋ ብትለጠፍ ወረቀትና ማጣበቂያ ነው ወጪዋ።

ባለፈው ሳምንት ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ አንዲት ካፌ ተቀምጠን ነበር። ፊቷ ከዓይኗ ሥር አበጥ ብሏል፤ መድኃኒቱ ነው። አንድ የድሮ ጓደኛዋ ሲያልፍ "ወፍረሻል፣ ተመችቶሻል!" ብሏት ሄደ። ሳቀች። ቁጥሯ ወደ ታች ተመልሷል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኳ ጮኸ፣ የፍርፍሩን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችና ውሃ አዘዘች። አስተናጋጁ በትንሿ ብርጭቆ አመጣላት።

"በትልቁ አድርግልኝ" አለችው።