ቤሌም፦ ከዝናቡ በፊት ወይስ ከዝናቡ በኋላ?

ቤሌም ውስጥ ሰዎች ሲቀጣጠሩ የሚባባሉት የቆየ አባባል አለ፦ «ከዝናቡ በፊት ነው ከዝናቡ በኋላ?» ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ይጠቁራል። ዶፉ ይወርዳል። ብዙም ሳይቆይ ፀሐይዋ ትመለስና አስፋልቱ ይጨሳል። ወበቁን ለማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ልንገረው፦ ገላህን ታጥበህ ሳትደርቅ ልብስ የለበስክ ያህል ነው፣ ቀኑን ሙሉ።

ከተማዋ በሰሜን ብራዚል፣ አማዞን ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገባበት አካባቢ ትገኛለች። ፖርቱጋሎች የቆረቆሯት በ1616 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቤሌም በእነሱ ቋንቋ ቤተልሔም ማለት ነው። በኅዳር 2025 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ30፣ የተካሄደው እዚህ ነው። አዲስ አበባ በ2027 ኮፕ32ን እንድታስተናግድ የተወሰነውም እዚሁ ነው። እኔም ከተማዋን በእግሬ ስዞር ሐሳቤ ደጋግሞ አገር ቤት ይሄድ ነበር።

በዚያ ሙቀት በእግር መሄድ የሚቻለው በዛፎቹ ምክንያት ነው። በመሀል ከተማው መንገዶች ግራና ቀኝ ግዙፍ የማንጎ ዛፎች ቆመው ቅርንጫፎቻቸው ከላይ ተገናኝተዋል። ብዙዎቹ ከተማዋ በጎማ ንግድ በበለጸገችበት ዘመን የተተከሉ ናቸው። መቶ ዓመት ያለፈው ጥላ ዛሬም ሰው ያሳርፋል።

ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ቬር-ኡ-ፔዙ ገበያ ወረድኩ። ስሙ «ክብደቱን እይ» እንደ ማለት ነው፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ዕቃ እየተመዘነ ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ ነበር። ከደሴቶቹ የሚመጡት ጀልባዎች አሳኢ የሚባለውን የዘንባባ ፍሬ በቅርጫት በቅርጫት ያራግፋሉ። ሽምብራ የሚያህል፣ ጥቁር ወይን ጠጅ ፍሬ ነው። ሌላው ዓለም አሳኢን እንደ አይስክሬም አጣፍጦ ይበላዋል። የቤሌም ሰው ግን ከተጠበሰ ዓሣና ከካሳቫ ዱቄት ጋር ነው የሚያቀርበው። ዓሣ ተራው አጠገብ ጥንብ አንሳዎች ተሰልፈው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። የሚያባርራቸውም የለም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የወሰደው ግን የታካካ ሰዓት ነው። ታካካ ትኩስ ሾርባ ነው፤ አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ይሸጣል። እናቴን የሚሆኑ ሴት ከድስቱ ቢጫውን ቱኩፒ በቅል ቀዱልኝ። ቱኩፒ ከካሳቫ ሥር የሚጨመቅ ፈሳሽ ነው፤ ጥሬውን መርዝ ስላለው በደንብ መፍላት አለበት። ደረቅ ሽሪምፕና ዣምቡ የሚባል ቅጠል ጨመሩበት። ቅሉ እጄን እንዳያቃጥለኝ ትንሽ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጠው አቀበሉኝ። ማንኪያ የለም፤ ፉት እየተባለ ነው የሚጠጣው። ቅጠሉን እንዳኘኩ ምላሴን ነዘረኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። ሴትዮዋ አይተውኝ ሳቁ። በአንድ በኩሌ ሸሚዝ የለበሰ የቢሮ ሠራተኛ፣ በሌላው አንድ ወዛደር ተቀምጠዋል። ሁላችንም እኩል ያልበናል። ቋንቋቸውን ባልችልም እንግድነት አልተሰማኝም።

ከተማዋን ማሞካሸት አልፈልግም። በ2022ቱ የብራዚል ቆጠራ ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላይ የሚኖረው መሠረተ ልማት ባልተሟላላቸው የድሆች ሰፈሮች ነው። ለጉባኤው ጊዜ ደግሞ አልጋ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። መርከቦች ሳይቀሩ ማደሪያ ሆነዋል። እኛም ከዚህ ብዙ መማር አለብን። አዳራሽ፣ ሆቴል፣ ትራንስፖርት ካሁኑ ካልታሰበበት መከራ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላም ነገር ነው። አዲስ አበባ መንገዷ ሰፍቷል፣ መብራቷ አምሯል፤ ይህን አልክድም። ብዙ ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ግን ከለመዱት ጥግ ተነስተዋል። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ የሚያያቸው አዳራሾች የትም አገር ያሉ ናቸው። ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጭሱ ዓይኑን እየቆጠቆጠው፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ቡና መጠጣት ግን እኛ ጋ ነው ያለው። የ2027ቱን ዝግጅት የምትመሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ለእነዚህ ሴቶች ቦታ ስጧቸው። ውኃና ጥላ ያለው፣ ሕጋዊ፣ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ የሆነ ቦታ። ከከተማው ዳር አይደለም።

የቤሌሟ እናት ቅሉን ስመልስላቸው አንድ ነገር አሉኝ። አልገባኝም። የተነሳሁበትን በርጩማ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ሰማዩን አሳዩኝ። በማግስቱም ሄድኩ፣ ከዝናቡ በኋላ።