«ማዘር» ማለት ብቻውን አክብሮት አይሆንም

«ጅማ ተግባቢ ከተማ ነው፤ ደንበኛን ማዘር፣ ፋዘር ካልን እርስዎ ማለት አያስፈልግም» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። ተግባቢነቱስ እውነት ነው። አክብሮቱ ግን ያለው መጠሪያው ላይ ሳይሆን ግሡ ላይ ነው። «ማዘር፣ ምን ልስጥሽ?» ያው አንቺታ ነው። «ምን ልስጥዎት?» ግን ያለ ምንም ማዘር ያከብራል። ለማረጋገጥ መጠሪያውን አውጡና የቀረውን ጮክ ብላችሁ በሉት። (ኦሮምኛ ተናጋሪውም ለአንተና ለአንቺ «አቲ»፣ ለእርስዎ «ኢሲን» ብሎ ይለያል፤ እንግዳ ነገር አይደለም።) በጅማው ሄርማታ መርካቶ ገበያ ቡና የሚገዙ እናት ቅር ቢላቸው አይቆጧችሁም፤ ዝም ብለው ቀጣዩ ሱቅ ይገባሉ። እኩያችሁ ከሆነማ ራሱ «አንተ በለኝ ባክህ» ይላል። ያኔ ዘና በሉ።