ከደመወዝ አንዲት አክቼ ያልነካው ግምጃ ቤት

የዘንድሮ የገንዘብ ሚኒስትሮች ያሳዝኑኛል። የበጀት ጉድለት ለመሙላት ስንት ኢኮኖሚስት ሰብስበው፣ ስንት ሰነድ አስጽፈው፣ ከአበዳሪ ጋር ስንት ሌሊት ተከራክረው በመጨረሻ የሚያተርፉት ስድብ ነው። የኦቶማን ቱርኮች ግምጃ ቤት ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መዶሻና ትንሽ ድፍረት ብቻ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ጥበቡን «ገንዘብ ማርከስ» እያሉ ስሙን ያጠፉታል። ለዘመናት ወቃሽ ያላጣውን ሙያ እስቲ አንድ ሰው እንኳ ያመስግነው።

1585 ገደማ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሱልጣን ሙራድ 3ኛ ከ1578 ጀምሮ ከኢራን ጋር ጦርነት ላይ ናቸው። ወታደሩ ደመወዝ ይላል፣ መድፉ ባሩድ ይላል፣ ሣጥኑ ባዶ ነው። ሌላ መንግሥት ቢሆን ደመወዝ ይቀንስ ነበር። ኢስታንቡል እንዲህ ያለ ጭካኔ አልሞከራትም። የዘመኑ መገበያያ አክቼ የምትባል ትንሽ የብር ሳንቲም ስትሆን፣ ከ100 ድርሃም (ድርሃም የክብደት መለኪያ ነው) ብር 450 አክቼ ይመታ ነበር፤ አሁን ከዚያው 100 ድርሃም 800 እንዲመታ ታዘዘ። በቃ። ወታደሩ ደመወዙን ቢቆጥር አንዲትም አክቼ አልጎደለችበትም፤ ለግምጃ ቤቱ ግን ያው ብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቅሬታ የተነሣው ሰውየው ገበያ ሲወርድ ነው። 60 አክቼ ይመነዘር የነበረው የወርቅ ሳንቲም 120 ገብቷል። ይህ እንግዲህ የግምጃ ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ሚዛን የሚባል ነገር የፈጠረው ሰው ነው። (ሰበቡን ከአሜሪካ በመርከብ ይጎርፍ በነበረው ብር ላይ የሚጭኑ ምሁራን አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ጎርፍ መልስ አይሰጥም።)

በ1589 የቤተ መንግሥቱ ወታደሮች የቀጠነችውን አክቼ ይዘው ግቢ ድረስ መጡ። የሩሜሊያውን (የባልካን ግዛታቸውን) አገረ ገዥ መህመድ ፓሻንና የግምጃ ቤቱን ሹም ካልሰጣችሁን አንመለስም አሉ። ተሰጧቸው። እዚህ ላይ የኦቶማንን የሂሳብ አያያዝ ካላደነቅን የት ልናደንቅ ነው? ዛሬ ገንዘብ ያረከሰ ባለሥልጣን ጡረታ ወጥቶ፣ ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ንግግር እያደረገ አገር ላገር ይዞራል። እዚያ ሂሳብ የሚዘጋው በአንገት ነበር። አክቼዋ ግን አልወፈረችም።

የደመወዝ ቀን ሥነ ሥርዓቱን ደግሞ አለማንሳት ነውር ነው። በየሦስት ወሩ ጃኒሳሪዎቹ፣ የሱልጣኑ ቋሚ እግረኛ ጦር፣ በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሁለተኛ ግቢ ትንፍሽ ሳይሉ ይሰለፋሉ። ሾርባ ይቀርባል። ምልክት ሲሰጥ ወደ ሳህኑ ከተሯሯጡ አገር ሰላም ነው፤ ሾርባውን ካልነኩት ወይም ድስቱን ከገለበጡት ግን አንድ ሰው ሥልጣኑን፣ ምናልባትም ራሱን ሊያጣ ነው። የሕዝብ አስተያየት ለመሰብሰብ ከዚህ የረከሰ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። የውጭ አምባሳደሮችም ሆን ተብሎ በዚያ ቀን ለአቀባበል ይጠራሉ፤ የተከመረውን የገንዘብ ከረጢት እንዲያዩት። ክምሩ ያስደንቃል፤ ይዞት የሚሄደው ሌላ ሰው መሆኑ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ከሁሉ አብልጬ የምወድላቸው ግን የዘመን አቆጣጠራቸውን ነው። እህል በፀሐይ ስለሚደርስ ግብር የሚሰበሰበው በፀሐይ ዓመት ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን በሂጅራ፣ በጨረቃ ዓመት። ልዩነቱ በዓመት 11 ቀን ገደማ ነው። 11 ቀን ምን አላት? ቀኖቹ ግን እየተጠራቀሙ በ33 የፀሐይ ዓመት ውስጥ 34 የጨረቃ ዓመት ይሞላል። እንግዲህ በየ33 ዓመቱ ደመወዝ ያለው፣ ገቢ የሌለው አንድ ሙሉ ዓመት ብቅ ይላል ማለት ነው። (ጳጉሜን ያለ ደመወዝ መዝለቅ የለመድን እኛ አማካሪ ልከን ቢሆን ኖሮ!) ይህን ዓመት ለመተንበይ ነቢይ አያሻም፤ ጣት ያለው ሁሉ ይቆጥረዋል። ቱርኮቹም ያውቁታል፣ ስም እንኳ አውጥተውለታል፤ ሲቪሽ ይሉታል። ቀኑ ሲደርስ ግን ሣጥኑ ባዶ፣ ወታደሩ በር ላይ። ለሚታወቅ ችግር ስም አውጥቶ መጠበቅ ራሱ ትልቅ ሥራ መሆኑን ዛሬም ብዙ መሥሪያ ቤት ያረጋግጥልናል።

ሱልጣን በነገሠ ቁጥርም ለወታደሩ የንግሥ ጉርሻ አለ። ደግ ልማድ ነው፣ ሱልጣኑ ከቆየ። ከ1617 እስከ 1623 ባሉት ስድስት ዓመታት አራት ጊዜ ዙፋን ተወጣ፤ ሙስጠፋ፣ ዑስማን 2ኛ፣ እንደገና ሙስጠፋ፣ ከዚያ ሙራድ 4ኛ። ዑስማንን ከዙፋን ያወረደውና ያስገደለው ጉርሻውን የበላው ወታደር ራሱ ነበር። ከሟቹ ቀጥሎ ለሚነግሠው ሌላ ጉርሻ መኖሩን ማንም አልዘነጋም።

በ1656 ወታደሩ የተከፈለው ሳንቲም ከብርነቱ መዳብነቱ አመዘነና ባለሱቆቹ አንቀበልም አሉ። የቤተ መንግሥት ሹማምንት ተገድለው በፈረስ ሜዳው ላይ ባለ ትልቅ ዛፍ ተሰቀሉ፤ ከተሜውም ዛፉን፣ የሰው ራስ ያፈራል በሚባለው በተረቱ የዋቅዋቅ ዛፍ ስም ጠራው። በዚያው ሰሞን ደግሞ የፈረንሳይ ነጋዴዎች ውብ የሆነች ትንሽ ሳንቲም ይዘው ኢዝሚር ወደብ ገቡ። ሴቶቹ ወደዷት፤ እየበሱ ለጌጥ አደረጓት። ይህን የሰሙ የጣሊያንና የፈረንሳይ ትናንሽ መሳፍንት ለቱርክ ገበያ ብቻ መልኳን አሳምረው፣ ብሯን አሳስተው ይመቷት ጀመር፤ እስከ 1669 ድረስ። የኛ አባቶች የማሪያ ትሬዛን ብር የእንቁዎቿን ነጠብጣብ በጣታቸው ሳይዳብሱ አይቀበሉም ነበር። መጠራጠር ምን ያህል ጨዋታ እንደሚያበላሽ ከዚህ ይታያል። እኔ መሳፍንቱን አልወቅስም፤ ቀጭን ሳንቲም በሙሉ ዋጋ የሚቀበል አገር እንዳለ ያስተማራቸው የአገሩ ግምጃ ቤት ነው።

ማቅጠኑ ዛፍ ማስፈለጉ ሲታይ ብልሃቱ ረቀቀ፤ ሳንቲሙን ትቶ ጊዜን መሸጥ መጣ። በ1695 የግብር መሰብሰብ መብት ዕድሜ ልክ ይሸጥ ጀመር፤ ማሊካኔ ይሉታል። ምክንያቱ ልብ ይነካል፤ ለአጭር ጊዜ የሚጫረት ሰው ገበሬውን ይመጠምጣል፣ ዕድሜ ልክ የያዘ ግን ይሳሳለታል። ባለመብቱም በእርግጥ ከመሳሳቱ የተነሣ ገበሬውን ሄዶ አያውክም፤ ኢስታንቡል ተቀምጦ ለሁለተኛ ሰው ያከራያል፣ ሁለተኛው ለሦስተኛ፣ በመሐል አራጣ አበዳሪው ሰርራፍ ድርሻውን ያነሣል። ገበሬው ሁሉንም ይቀልባል።

ከሩሲያ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1774 በሽንፈትና በካሳ ሲያልቅ፣ በማግሥቱ ዓመት ኤስሃም መጣ። የኢስታንቡል የትምባሆ ቀረጥ ዓመታዊ ገቢ በድርሻ ተቆራርጦ ለሕዝብ ተሸጠ። ገዥው የዓመቱን ክፍያ ብዙ እጥፍ በቅድሚያ ይከፍላል፣ ከዚያ እስኪሞት በየዓመቱ ይቀበላል። ሲሞት ድርሻው ለመንግሥት ይመለስና እንደገና ይሸጣል። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ሰዎች በጊዜው በመሞታቸው ላይ ነው። ድርሻው ግን ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ የመጀመሪያው ገዥ ይኑር ይሙት የሚያውቅ ጠፋ፤ ወራሽም አባቴ አረፈ ብሎ ክፍያውን ሊያስቆም አልሮጠም። በመዝገቡ ላይ የትምባሆ ቀረጥ ድርሻ የያዘ ሰው ሞት የሚባል ነገር አይነካውም። ግምጃ ቤቱም ሙታኑን እየቆጠረ ከሚያስቀይማቸው፣ በሌላ ቀረጥ ላይ አዲስ ድርሻ ማውጣት ቀለለው።