ማስተካከያ፦ ፉታ ድብ አይደለም

ባለፈው ጽሑፌ የጃፓኑን የቺባ መካነ አራዊት አዛውንት ቀይ ፓንዳ፣ ፉታን፣ «ትንሽ ድብ» ብዬው ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ቀይ ፓንዳ የድብ ዘር ከሆነው ከጥቁርና ነጩ ፓንዳ ጋር ስም ቢጋራም ዘሩ ለብቻው ነው። ቺባ ተወለደ ማለቴም ልክ አይደለም። በፈረንጆቹ 2003 የተወለደው ሺዙኦካ፣ ኒሆንዳይራ መካነ አራዊት ነው።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን «አሰልጥነውት ነው የሚቆመው» ያልኩት ነው። በ2005 ጃፓንን ጉድ ያሰኘውን ያንን አቋቋም ማንም አላስተማረውም። ቀይ ፓንዳዎች ዙሪያቸውን ለማየት በኋላ እግራቸው ይቆማሉ። ፉታ ግን ወገቡን ቀጥ፣ ጥቁር ሆዱን ገለጥ፣ የፊት እግሮቹን ለቀቅ አድርጎ ሲቆም ቁርጥ ሰው ነው። እንዴት አይወደድ! በ2023 20 ዓመት ሞላው፤ ለቀይ ፓንዳ ይህ ትልቅ እርጅና ነው። ያኔም አድናቂዎቹ አልረሱትም።