መኪና የሚለውን ቃል ሰጥተውን ማቆሚያውን ነፈጉን

ጣልያን ሄዶ መኪና የተከራየ ሰው ካለ እስቲ ኮመንት ላይ ይምጣ አብረን እናልቅስ። መስከረም ላይ እኔና ባለቤቴ ከሮም ተነስተን ሲየና፣ ፍሎረንስ፣ ፒሳ እያልን 8 ቀን ዞርን፣ ከ8ቱ ግን 3ቱን የጨረስነው ፓርኪንግ ስንፈልግ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰማያዊ መስመር በክፍያ፣ ቢጫ ልዩ ፈቃድ ላለው ብቻ፣ ነጭ ብዙ ጊዜ ነጻ፣ እሺ ይሄ ገባን። ሲየና ላይ ነጭ አገኘን ብለን እልል ስንል ታፔላው ላይ ሁለት የተጣመሩ መዶሻዎች ተስለዋል። ባለቤቴ "መንገድ ሊሰሩ ይሆናል" አለች፣ እኔም አመንኩ። ለካ መዶሻው የሥራ ቀን ማለት ነው! መስቀል ከሆነ ደግሞ እሁድና በዓል። ከስሩ ያለው ጽሁፍ መንገድ የሚጠረግበት ሌሊት ነው፣ ያን ሌሊት መኪናህ እዛ ካደረ ተጎትቶ ይሄዳል፣ ይሄንንም ያወቅነው አንዲት ሴትዮ ከመስኮት ሆና እጇን እያወናጨፈች ስትጮህብን ነው፣ እግዜር ይስጣትና።

ግን ይሄ ሁሉ ከዜድ ቲ ኤል (የመኪና እንቅስቃሴ ከተገደበበት ክልል) ጋር ሲነጻጸር ጨዋታ ነው። የድሮው መሀል ከተማ ፈቃድ ለሌለው መኪና ዝግ ነው፣ ጠባቂ የለ ገመድ የለ፣ ካሜራ ብቻ። መግቢያው ላይ "ቫርኮ አቲቮ" የሚል መብራት አለ፣ እኔ ደግሞ አቲቮ ሲል በሩ ክፍት ነው መሰለኝ!! ካሜራው እየሰራ ነው አትግባ ማለት ነው እኮ። መኪና፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ ሁሉንም ከነሱ ወስደን ይቺን አንዷን ቃል እንዴት ተውናት?

ፍሎረንስ ያረፍንበት ሆቴል ሪሴፕሽኑ "ታርጋችሁን እናስመዘግባለን፣ አትጨነቁ" ብሎን ነበር፣ ስለዚህ ዘና ብዬ ገባሁ፣ መታጠፊያው አምልጦኝ ወጣሁ፣ ዞሬ እንደገና ገባሁ።

የካቲት ላይ አከራዩ ድርጅት ከካርዴ 45 ዩሮ ቆረጠ። ቅጣቱ እንዳይመስላችሁ፣ ስሜን ለፖሊስ አሳልፎ የሰጠበት የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ አሳልፎ ሰጥቶኝ እኔው ልክፈለው! ቅጣቱ የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው፣ እሱም ሁለት፣ ሁለት ጊዜ ስለገባሁ። ሆቴሉ ጋ ስደውል ታርጋው ሲመዘገብ አንድ ፊደል ተሳስቷል አሉኝ፣ ይቅርታ፣ ቻው። በ5 ቀን ውስጥ ከከፈልክ 30 በመቶ ይቀነሳል ይላል ደብዳቤው፣ እኛ ግን ለፋሲካ አዲስ አበባ ነበርን፣ ፍራንክፈርት ስንመለስ ጎረቤታችን የፈረመበትን ፖስታ በፈገግታ አስረከበን፣ 5 ቀኑ ካለፈ ቆይቷል።

አሁን ነው ደግሞ አንድ ጓደኛዬ "ለምን ቪላ ኮስታንዛ አታቆሙም ነበር?" የሚለኝ፣ ኤ1 አውራ ጎዳና ላይ ያለ ማቆሚያ ነው፣ ከሀይዌዩ ሳትወጣ መኪናህን ትተህ በትራም ፍሎረንስ መሀል ትገባለህ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ትናንት ማታ ባለቤቴ ቡና እያፈላች "ፒሳ ላይ ጂፒኤሱ ያስገባን ጠባብ መንገድ ትዝ ይልሃል?" አለችኝ። ጣልያኖቹ ከአገራቸው ውጭ ለሚኖር ሰው ቅጣት ለመላክ 360 ቀን አላቸው። ቆጠርኩት፣ ገና ነው።